በአዊኛ መስማት፣ በአዊኛ መጠየቅ፦ ብዙኃን መገናኛና የአካባቢ ዴሞክራሲ

ብዙኃን መገናኛ ለዴሞክራሲ ያለው ፋይዳ ብዙ ጊዜ የሚመዘነው በአዲስ አበባ ጋዜጦችና በምርጫ ሰሞን ክርክሮች ነው። ይህ ዳሰሳ ሚዛኑን ወደ አዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ያወርዳል። ሕዝብ በቋንቋው ዜና መስማቱ ትልቅ ድል ነው፤ በዚያው ቋንቋ ሹሙን በአደባባይ መጠየቅ ካልቻለ ግን ድሉ ጎደሎ ነው።

ድሉን ማሳነስ አይገባም። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 5 መሠረት የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ሁሉ በመንግሥት ዘንድ እኩል እውቅና አላቸው። አዊም በአማራ ክልል ውስጥ የራሱ ምክር ቤት ያለው የብሔረሰብ አስተዳደር ሆኗል። አዊኛ በትምህርት ቤት ይሰጣል፤ የክልሉ ብዙኃን መገናኛም ከአማርኛ፣ ከኽምጣኛና ከአፋን ኦሮሞ ጋር በአዊኛ ያሰራጫል። አማርኛ አጥርተው የማይሰሙ እናት ስለ ክትባት ወይም ስለ ማዳበሪያ የሚነገረውን ያለ አስተርጓሚ መረዳታቸው የክብርም የመብትም ጉዳይ ነው።

ጥያቄው የሚነሣው ከዚህ በኋላ ነው። በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ የሚደምቀው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓል የካሜራ ሲሳይ ነው፤ የዓድዋን ተጋድሎ የሚዘክር በመሆኑም ይገባዋል። ነገር ግን የአዊ ገበሬ ከጥር 23 በፊትም በኋላም ይኖራል። በፋግታ ለኮማ ወረዳ ብዙ የእህል ማሳ ዲከረንስ በተባለ ዛፍ ተሸፍኗል፤ ከዛፉ የሚወጣው ከሰልም ለብዙ ቤተሰብ ገቢ ሆኗል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ዛፉን ዋግ መትቶታል። ማሳውን ለዛፍ የሰጠ ገበሬ ምን ይበላል? ከከሰል የሚሰበሰበው ቀረጥ የት ይውላል? እነዚህ የፖለቲካ ጥያቄዎች ናቸው። በዓሉን አድምቆ ጥያቄውን የሚያልፍ ዘገባ ሕዝቡን ባለ ባህል ብቻ ያደርገዋል፤ ባለ ሥልጣን ጠያቂ ዜጋነቱን ግን ይነሣዋል።

ሹምን በአደባባይ የመጠየቅ መድረክ ዋጋም አለመጽናቱም በአገር ደረጃ ታይቷል። ከግንቦት 1997 ምርጫ በፊት በመንግሥት ሬዲዮና ቴሌቪዥን የተላለፉት ክርክሮች ሕዝብ ተፎካካሪዎችን ፊት ለፊት አነጻጽሮ እንዲመርጥ ረድተዋል። ከምርጫው በኋላ ግን ጋዜጦች ተዘጉ፤ አዘጋጆች ታሰሩ። በገዥዎች በጎ ፈቃድ የተከፈተ መድረክ ፈቃዱ ሲነሣ እንደሚዘጋ ያን ጊዜ ታየ። በ2015 ክረምት በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅም የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋረጠ። መረጃ በጠፋበት ቦታ ወሬ ይነግሣል፤ ወሬ በነገሠበትም እውነተኛውን በደል ከሐሰተኛው መለየት ይከብዳል። የዝምታው ዕዳ የወደቀው ከሁሉ በላይ በሰላማዊው ነዋሪ ላይ ነው።

ስለዚህ መፍትሔው የስርጭት ሰዓት መጨመር ብቻ አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 በመንግሥት ገንዘብ የሚተዳደር ብዙኃን መገናኛ የተለያዩ አስተያየቶችን እንዲያስተናግድ ያዛል፤ የ2013 የመገናኛ ብዙኃን አዋጅም ለማኅበረሰብ ብሮድካስት ቦታ ሰጥቷል። የብሔረሰብ ምክር ቤቱ ጉባኤ በአዊኛ በቀጥታ ይተላለፍ። የወረዳ አስተዳዳሪዎች በጀታቸውን ይዘው በማይክሮፎን ፊት ይቅረቡ፤ የዳንግላ ነጋዴና የፋግታ ገበሬም ስልክ ደውለው ይሞግቷቸው። መልሱን የሰጠው ሹም ቃሉን ስለ መጠበቁ በዓመቱ ተመልሶ ይጠየቅ። የጋዜጠኛውም ደኅንነት በሹሙ ደግነት ሳይሆን በሕግ ይጠበቅ። በአዊኛ የተነገረ ጥያቄ የበጀት ውሳኔን መለወጥ ሲችል፣ የቋንቋ እኩልነት ከሕጉ ወረቀት ወጥቶ ሥልጣን ይሆናል።