«ባንዲራ ያዥ» ስለሚለው ሥያሜ፦ በሮማ ጦር ቃላት አተረጓጐም ላይ የቀረበ ሒስ

ለአርትዖት ከቀረቡልኝ የታሪክ ትርጉም ረቂቆች በአንዱ፣ ንጉሠ ነገሥት ዶሚቲያን ወታደሮቹ «ከባንዲራው ዘንድ» ከአንድ ሺህ ሰስቴርስ በላይ እንዳያኖሩ መከልከሉን የሚናገር ዐረፍተ ነገር አገኘሁ። ጨርቅ ገንዘብ የሚጠብቀው እንዴት ነው? ሰዋስዉ አልተሳተም፤ የሳተው ሥያሜው ነው።

ሱዌቶንዮስ በዚህ ቦታ የጻፈው «ሲግና» የሚለውን ቃል ነው። ነጠላው «ሲግኑም» በረጅም ዘንግ ላይ ክብ የብረት ሰሌዳዎች ተደርድረውበት፣ ጫፉ የጦር ምላስ ወይም የተዘረጋ መዳፍ የሆነ ዓርማ ነው፤ አይውለበለብም። ያዡ «ሲግኒፈር» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ113 ዓ.ም. በተመረቀው የትራያን ዓምድ ላይ የአውሬ ቆዳ ከራሱ ደፍቶ ይታያል። በውጊያ ጊዜ የመቶ አለቃው ጭፍራ (ስሙ መቶ ይሁን እንጂ ቁጥሩ ሰማንያ ያህል ነበር) ዓይኑን የሚጥለው በዚህ ዓርማ ላይ ነው። በሰፈር ግን ይኸው ሰው የወታደሩ ቁጠባ ኃላፊ ነበር። ቬጌትዮስ እንደሚለው ለዚህ ሥራ የሚመረጡት ታማኞች ብቻ ሳይሆኑ ፊደል የቆጠሩና ለእያንዳንዱ ሒሳቡን ሊያስረዱ የሚችሉ ነበሩ፤ ለቀብር የሚዋጣውም ገንዘብ ለብቻው በአንድ ከረጢት ይቀመጥ ነበር። እንግዲህ የዶሚቲያን ክልከላ የገባው እዚህ ላይ ነው፤ ሳቱርኒኖስ እ.ኤ.አ. በ89 ዓ.ም. ሲያምፅ፣ በሁለት ሌጌዎኖች የክረምት ሰፈር የተከማቸው ቁጠባ ሳያደፋፍረው እንዳልቀረ ታስቦ ነበር። «ባንዲራ» የሚለው ቃል ይህን ሁሉ ይሰውረዋል።

በእኛም ቋንቋ ቢሆን ልዩነቱ ባዕድ አይደለም። በቀድሞው አነጋገር «ሰንደቅ» እንጨቱ፣ «ዓላማ» ምልክቱ ሲሆን፣ «ባንዲራ» ከጣልያንኛ የመጣ ነው። ስለዚህ ለሲግኑም «ዓርማ» ይስማማዋል። አንዳንድ ተርጓሚዎች የላቲኑን ግሥ ተከትለው «ዓርማ ተሸካሚ» ይላሉ፤ አልቀበለውም። ተሸካሚ ዕቃ አድርሶ ኪራዩን የሚቀበል ሰው ነው፤ «ያዥ» ግን ኃላፊነትን ያሰማል። «ገንዘብ ያዥ» የምንለውን ያስታውሷል፤ ሲግኒፈር ደግሞ ሁለቱንም ነበር።

የሌጌዎኑ ንስር ለብቻው ይታይ። ማርዮስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ104 ተኩላውን፣ ፈረሱን፣ ከርከሮውንና ሌላውንም ትቶ ንስርን ብቸኛው የሌጌዎን ዓርማ አደረገ። በ55 ቄሳር ወደ ብሪታንያ ሲሻገር ጭፍራው ከመርከብ መውረድ ቢፈራ፣ የዐሥረኛው ሌጌዎን ንስር ያዥ አስቀድሞ ባሕር ውስጥ ዘለለ፤ ሌሎቹም ንስሩ እንዳይማረክ ተከተሉት። በ53 ክራሱስ ያስማረካቸውን ዓርማዎች አውግስጦስ በ20 ከፓርቲያ ሲያስመልስ እንደ ታላቅ ድል ተቈጠረለት። «ባንዲራው ተማረከ» የሚል ትርጉም ይህን ክብደት አይሸከምም።

«ንስር ያዥ» ሕያው ወፍ የያዘ ሊያስመስል ይችላል፤ በመጀመሪያው አጠቃቀም «የንስር ዓርማ ያዥ» ማለት ይበቃል። የኋለኛው ዘመን «ድራኮናርዮስ» ግን በምንም መንገድ «ዘንዶ ያዥ» አይባል፤ አንባቢ እባብ አጫዋች ይመስለዋል። እርሱ የሚይዘው የብረት ራስና ነፋስ የሚነፋው የጨርቅ ገላ ያለው ዓርማ ነበር።

በእውነት ጨርቅ የሆነው «ቬክሲሉም» ነው፤ ከአግዳሚ ዘንግ ላይ ተንጠልጥሎ ይያዛል። ከግብፅ የተገኘና በሞስኮ ፑሽኪን ሙዚየም የሚገኝ አንዱ፣ ግማሽ ሜትር ያህል ጎን ያለው የበፍታ ቁራጭ ነው። «ባንዲራ» የሚለውን ለዚህ ብንተው አልቃወምም።