የ45 ቀኑ ቀጠሮ ለዓይንም ነው

የጨቅላ ዓይን ስመረምር ኦፍታልሞስኮፕ የሚባለውን ባለ መብራት መመልከቻ በክንድ ርቀት እይዝና ብርሃኑን ሁለቱም ዓይኖች ላይ በአንድ ጊዜ አሳርፋለሁ። በጤነኛ ብሌን ውስጥ ብርሃኑ ከዓይን ጀርባ ነጥሮ ሲመለስ ቀላ ያለ ፍካት ይታያል። በመጽሐፍ ሥዕል ላይ ፍካቱ ደማቅ ቀይ ነው፤ የእኛ ልጆች ዓይን ግን ጀርባው ጠቆር ስለሚል ፍካቱ ደብዘዝ ብሎ ወደ ብርቱካንማ ያደላል። ስለዚህ አንዱን ዓይን ከሥዕሉ ጋር ሳይሆን ከሌላኛው ዓይን ጋር አስተያያለሁ። አንዱ ፈክቶ ሌላው ከጨለመ ወይም ነጭ ነገር ብቅ ካለ፣ አብሮ የተወለደ የዓይን ሞራ ሊሆን ይችላል፤ ሬቲኖብላስቶማ የተባለው ሕይወት ቀጣፊ የዓይን ካንሰርም ሊሆን ይችላል።

አስቸጋሪው ዓይኑን ማስገለጥ ነው። ቆቡን በጣት መፈልቀቅ ልጁን ያስለቅሰዋል፤ ሲያለቅስ ደግሞ ይበልጥ ይጨፍናል። ክፍሉን አጨልሜ፣ ጡት ጠብቶ እስኪረጋጋ እጠብቅና እናቱ ቀና አድርጋ እንድትይዘው አደርጋለሁ። ያኔ ራሱ ይገልጣል።

እኔ በምሠራበት አንበሳሜ ከዚህ የሚቀድም ነገር አለ። የሰው ዓይን እንዳያገኘው ነጠላ የተከናነበን ሕፃን ትክ ብሎ ማየት ነውር ይመስላል። «ከዓይን ያውጣው» ሳልል መብራት አላበራም። አያትየዋንም «እማማ፣ ይምጡ አብረን እንይ» እላለሁ። ፍካቱን በዓይናቸው ያዩ አያት ለጎረቤት ልጅም ይመክሩልኛል።

በአካባቢያችን ሞራ የሽማግሌ በሽታ ነው፤ መኸሩ እስኪገባ ቢቆይም ግድ የለም። የሕፃን ሞራ ግን አይቆይም። አንጎል ማየትን የሚማረው ከዓይን በሚደርሰው ምስል ነው። ምስል የማይልክለትን ዓይን እየተወው ይሄዳል፤ ሞራው ዘግይቶ ቢወጣ እንኳ ጥርት ያለ እይታ አይመለስም። በተለይ የአንድ ዓይን ሞራ ልጁ 8 ሳምንት ሳይሞላው ቢወጣ ይመረጣል።

ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ክርስትና እስኪነሡ ሕፃን ከቤት ብዙም አይወጣም። የሴቷ 80 ቀን ሲሞላ ሞራውን ለማውጣት የሚመረጠው ጊዜ አልፏል። ደግነቱ በመካከሉ የ45 ቀን ክትባት አለ። ጤና ጣቢያ የወለደች እናት ልጅ ደግሞ ገና እንደተወለደ ዓይኑን ቴትራሳይክሊን ቅባት ይቀባል። ቅባቱን የሚቀባውና መርፌውን የሚወጋው እጅ መብራትም ቢይዝ ሌላ ቀጠሮ አያስፈልግም ነበር። ጥርጣሬ ካለ መንገዱ በሐሙሲት በኩል ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የዓይን ማዕከል ነው። በሪፈር ወረቀቱ ላይ የልጁን ዕድሜ በሳምንት እጽፋለሁ፤ የሚያስቸኩለው እሱ ነውና።

እናት ቤት ሆና የምታየውም አለ። «ዓይኑ ሲያምር!» የተባለለት ትልቅ ዓይን ብርሃን የሚሸሽና የሚያነባ ከሆነ የሕፃናት ግላኮማ ሊሆን ይችላል። የዓይኑ መጠን ደህና ሆኖ እንባ ብቻ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የእንባ ቧንቧ መደፈን ነው፤ ብዙው አንድ ዓመት ሳይሞላ በራሱ ይከፈታል። 3 ወር ሞልቶት የእናቱን ፊት በዓይኑ የማይከተል፣ ከ4 ወር በኋላም የሚሸወርር ልጅ «ሲያድግ ይተወዋል» ተብሎ አይቀመጥም።

እንግዲህ እናቶች፣ የክትባት ካርዱን ስታቀርቡ «ዓይኑንም እዩልኝ» በሉ። ያልተጠየቀ ባለሙያ ወረፋውን አይቶ ሊያልፈው ይችላል፤ ለጠየቀች እናት ግን ሥራው የደቂቃዎች ነው።