ትራስ ያዡ በማን አንደበት ይናገራል? በካፑሽቺንስኪ «ንጉሠ ነገሥቱ» ላይ የቀረበ አጭር ሂስ

ሰዎችን ስለ ሥራቸው አነጋግሮ ንግግራቸውን መጽሐፍ ማድረግ ቀላል ስልት ይመስላል። ጸሐፊው ይጠይቃል፤ ባለሙያው ይመልሳል። ነገር ግን በመልሱና በታተመው ገጽ መካከል አስተርጓሚ አለ፤ አርታኢ አለ፤ ከሁሉም በላይ የጸሐፊው የራሱ ጆሮ አለ። ለእኛ የዚህ ስልት የቅርብ ምሳሌ የፖላንዳዊው ጋዜጠኛ የሪሻርድ ካፑሽቺንስኪ «ንጉሠ ነገሥቱ» ነው። መጽሐፉ በፖላንድኛ እ.ኤ.አ. በ1978፣ በእንግሊዝኛ ትርጉም በ1983 ታተመ። ተናጋሪዎቹ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በመስከረም 1967 ዓ.ም. ከዙፋን ከወረዱ በኋላ ጸሐፊው ያነጋገራቸው የቤተ መንግሥት ሰዎች እንደሆኑ ይነገረናል። ስማቸው በፊደላት ብቻ ተመልክቷል።

ሥራቸው እንግዳ ነው። አንዱ ሉሉ የተባለው የንጉሡ ትንሽ ውሻ በመኳንንቱ ጫማ ላይ ሲሸና በጨርቅ የሚያብስ ነው። ሌላው ሰዓት በደረሰ ቁጥር እጅ እየነሣ የጊዜውን ማለቅ ያመለክታል። ከሁሉ የሚልቀው ግን ትራስ ያዡ ነው። ንጉሡ ቁመታቸው አጭር፣ ዙፋኑ ከፍ ያለ በመሆኑ እግራቸው እንዳይንጠለጠል ልክ ሲቀመጡ ትራሱን ከሥር ማድረስ የእርሱ ተግባር ነው። በመጠንም በውፍረትም የተለያዩ 52 ትራሶች ነበሩት፤ የትኛው ለየትኛው ዙፋን እንደሚሆን ያውቃል። እዚህ ላይ አሽከር ሳይሆን ባለሙያ እየተናገረ ነው። ስለ ወንበር ከፍታና ስለ እጅ ፍጥነት ሲያወራ እናምነዋለን። (ማመናችን ግን የጥበቡ ውጤት ነው፤ ቁጥሩ ለእውነትነቱ ማስረጃ አይሆንም። የታሪክ ምሁሩ ሃሮልድ ማርከስ እ.ኤ.አ. በ1990 መጽሐፉን በታሪክ ምንጭነት መቀበልን አጥብቀው ተቃውመዋል።)

ተናጋሪዎቹ ከሥራቸው ወጥተው ስለ ሥልጣን ማውራት ሲጀምሩ ድምፃቸው አንድ ይሆናል። በር ጠባቂውም፣ ሹሙም፣ ጫማ ጠራጊውም በአንድ ዓይነት ያጌጠ፣ ያረጀ፣ ውስጡ ሽሙጥ ያለበት ቋንቋ ይናገራሉ። ይህ ቋንቋ የካፑሽቺንስኪ ፈጠራ ነው፤ ከጥንታዊ የፖላንድ ሥነ ጽሑፍ የቀዳው ነው። ንጉሡ በተጠሩ ቁጥር የሚደረደሩት የማዕረግ ቅጽሎች ለአማርኛ ጆሮ ባዕድ ናቸው። አማርኛ አክብሮትን የሚሸከመው በግሡ ነው። «ጃንሆይ ተቀመጡ» ያለ ሰው ሦስት ቅጽል አያስፈልገውም፤ «ተቀመጡ» የሚለው ቃል ብቻውን ጎንበስ ብሏል። የፖላንድኛው ክምር ይህን ለመተካት የተደረገ ሙከራ ነው ሊባል ይችል ይሆናል፤ እኔ ግን አይመስለኝም። ክምሩ የሚያገለግለው ሽሙጡን ነው። የፖላንድ አንባቢ በዘመኑ የራሱን አገር የፓርቲ ሹማምንት ያየበትም በዚሁ መስተዋት ነበር።

የሥራ ስሞቹም ጠፍተዋል። «የሦስተኛው በር ጠባቂ» አጋፋሪ ነው ወይስ እልፍኝ አስከልካይ? ልዩነቱ ቀላል አይደለም። «እልፍኝ አስከልካይ» የሚለው ስያሜ ሰውየው ምን እንደሚሠራ፣ ለማን ቅርብ እንደሆነ፣ ማንን መመለስ እንደሚችል በአንድ ጊዜ ይነግረናል። ስሙ ሲወሰድበት ግለሰቡ አስቂኝ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ለማነጻጸር ያህል፣ የቺካጎው የሬዲዮ ሰው ስተድስ ተርክል ስለ ሥራ ያጠናቀረውን መጽሐፍ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1974፣ ማለትም ንጉሡ በወረዱበት ዓመት ነው። እርሱም ቆርጧል፤ ቀጥሏል። ሆኖም በቴፕ የቀዳው ድምፅ ልጓም ሆኖታል። ግንበኛው ከዓመታት በኋላ በሠራው ቤት ደጅ ሲያልፍ የእጁን ሥራ እንደሚለይ ሲናገር፣ በዚያ አነጋገር ውስጥ ግንበኛ እንጂ አስተናጋጅ አንሰማም።

ካፑሽቺንስኪን ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ይህንን ፈተና መጋፈጡ አይቀርም። የቅጽሎቹን ክምር ቢተረጉም አማርኛው የቤተ መንግሥት አማርኛ አይሆንም፤ በግሥ ብቻ ቢያከብር ሽሙጡ ይተናል። ለተናጋሪዎቹ እንደየማዕረጋቸውና እንደየዕድሜያቸው የተለያየ አንደበት ልስጥ ቢል ደግሞ መነሻ የሚሆነው ነገር ከመጽሐፉ አያገኝም። ጫማ ጠራጊው ለአሥር ዓመት የሠራውን ሥራ በጥቂት ዓረፍተ ነገሮች ተናግሮ ይወጣል። ማን እንደቀጠረው፣ ምን ይከፈለው እንደነበር፣ የሥራው ስም ምን እንደሆነ አልተጠየቀም።