የልግስና ዶክተር በእድር ድንኳን
በልግስና ጥናት ዶክትሬት የሚሰጡ ዩኒቨርሲቲዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በአሜሪካ የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ በ2012 እ.ኤ.አ. ለዚሁ ራሱን የቻለ ትምህርት ቤት ከፍቷል። ሰው ለምን ይሰጣል? ለማንስ? እያለ ዓመታት የሚቆፍር ተማሪ አደንቃለሁ። ሰቤታ፣ ቡራዩ ወይም ሱሉልታ ከመጣ ደግሞ አብልጬ።

እዚህ እድር አለ። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ ይታወቃል፤ እኔን የሚማርከኝ ግን የጸሐፊው መዝገብ ነው። መዋጮ ማን ከፈለ፣ ከቀብር ማን ቀረ፣ ቅጣቱ ስንት ነው፣ አማት ሲሞቱስ ለሐዘንተኛው ምን ይሰጣል? ተመራማሪዎቹ እነ አሉላ ፓንክረስትና ስቴፈን ደርኮን እድርን እንደ ቀብር መድን አጥንተው፣ ብዙዎቹ የተጻፈ ደንብ እንዳላቸው ለዓለም አሳይተዋል። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 እድርን አይመለከትም፤ ባይመለከተው ይሻላል ባይ ነኝ።

በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ የተጠቃለሉት እነዚህ ከተሞች ከየአቅጣጫው በመጣ ሰው ያደጉ ናቸው። ጎረቤቱን ገና በቅጡ ያልለየ አዲስ ገቢ ሳይቆይ የእድር መመዝገቢያ ስንት እንደሆነ ይጠይቃል። የማያውቁትን ሰው ለመቅበር ቀድሞ መዋጮ መክፈል! የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ የቸገረው ተማሪ፣ ጸሐፊው መዋጮ በሚሰበስቡበት እሁድ አጠገባቸው ይቀመጥ።