ፓራፋንጎ ውስጥ የሚገባው በር

ካይዘር ዳሪን የሚባለውን መኪና ለማያውቅ ሰው ለማስተዋወቅ ከበሩ መጀመር ይቀላል። በሩ እንደሌሎች መኪኖች በር ወደ ውጭ አይከፈትም። ወደ ፊት ሲገፉት በሐዲድ ላይ ተንሸራትቶ የፊተኛው ፓራፋንጎ ውስጥ ይገባና ይሰወራል። ሐሳቡ ያምራል። ጠባብ ቦታ ላይ ያቆመ ሰው የጎረቤቱን መኪና ሳይጭር ይወርዳል፤ በሩ ክፍት ሲሆንም የመኪናው መልክ አይበላሽም። አሠራሩ ላይ ግን ችግር አለ። በሩ የሚደበቀው ፓራፋንጎው ውስጥ ስለሆነ ርዝመቱ እዚያ ካለው ባዶ ቦታ ሊበልጥ አይችልም። ስለዚህ መግቢያው ጠባብ ነው፤ ረዘም ያለ ሰው ታጥፎ ነው የሚገባው። ሐዲዱ ውስጥ አቧራና ጠጠር ሲገባ ደግሞ በሩ መሀል ላይ ይቀራል፤ አይዘጋ፣ አይከፈት።

ይህ ባለሁለት መቀመጫ የአሜሪካ መኪና ለገበያ የተሠራው በ435 ቁጥር ብቻ ሲሆን፣ ሁሉም እ.ኤ.አ. የ1954 ሞዴል ናቸው። ዛሬ ጨረታ ላይ ከመቶ ሺህ ዶላር በላይ የወጣባቸው አሉ። የጨረታ ቤቶች መግለጫ ሲጽፉ የመጀመሪያው መስመር ላይ የሚያስቀምጡት ያንኑ ቁጥር ነው፦ «ከ435ቱ አንዱ»። ቁጥሩ እውነት ነው። ግን እስቲ እንጠይቅ፤ 435 ብቻ የሆኑት ለምንድን ነው? መልሱ ቀላል ነው፤ የሚገዛቸው ስለጠፋ። የመኪና ሰብሳቢዎች ዓለም በዚህች መልስ ላይ መቆየት አይወድም። እኔ ደግሞ የዳሪን ዋጋ ያለው እዚያው መልስ ውስጥ ነው እላለሁ።

ታሪኩን አጠር አድርጎ ማውራት ይቻላል። ሄንሪ ካይዘር ግድብ የገነባ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጭነት መርከቦችን በሚገርም ፍጥነት ያወጣ ባለሀብት ነበር። ጦርነቱ ሲያልቅ ከጆሴፍ ፍሬዘር ጋር ሆኖ ሚሺጋን ውስጥ ዊሎው ረን በተባለው፣ ፎርድ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖችን ይሠራበት በነበረው ግዙፍ ፋብሪካ መኪና ማምረት ጀመረ። መጀመሪያ ላይ ሕዝቡ መኪና ተርቦ ስለነበር ተሸጠለት። ጄኔራል ሞተርስ፣ ፎርድና ክራይስለር አዳዲስ ሞዴሎቻቸውን ማውጣት ሲጀምሩ ግን ገበያው ፊቱን አዞረበት።

ሃዋርድ ዳሪን በዚህ ቤት ውስጥ ያለ ንድፍ አውጪ ነው። ከጦርነቱ በፊት ፓሪስ ውስጥ ለሀብታሞች የመኪና አካል ይሠራ ነበር። ቀጥሎ ሆሊውድ ገብቶ ለፊልም ተዋንያን ፓካርድ መኪኖችን ልክ እንደ ልብስ ሰፊ በልካቸው ያዘጋጅ ነበር። ካይዘር ሄንሪ ጄ የሚባል ርካሽ ትንሽ መኪና ነበረው፤ ያልሰመረ መኪና። ዳሪን የዚያን መኪና ሻንሲ ወሰደና በራሱ ገንዘብ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ አለቃውን ሳያማክር ላዩ ላይ የስፖርት መኪና ሠራበት። አካሉን ከፋይበርግላስ የሠራለት ጀልባ ይሠራ የነበረው ግላስፓር ነው። ብዙ ጊዜ የሚነገረው ታሪክ እንደሚለው ሄንሪ ካይዘር ሲያየው ተቆጣ፤ አብራው የመጣችው ሚስቱ ግን ወደደችው፣ ነገሩም በዚያው ተፈቀደ። እውነቱ እንዲያ ሆነም አልሆነ፣ ታሪኩ ስለ መኪናው አንድ ነገር ይነግረናል። ማንም ያዘዘው አልነበረም። የገበያ ጥናት አልወለደውም። አንድ ሰው ስለፈለገው ነው የተሠራው።

ይህም መልኩ ላይ ይታያል። ከፊት ሲያዩት አፉ ትንሽ ነው፤ ከንፈሩን ለመሳም እንዳሾለ ሰው ይመስላል። በዚያ ዘመን የአሜሪካ መኪና ፊት ማለት ከጫፍ እስከ ጫፍ የኒኬል ጥርስ ነበር። ዳሪን ግን ከኮፈኑ ጀምሮ ወደ ኋላ አንድ መስመር ዝቅ እያለ በሩ ላይ ይወርድና ከኋላ ጎማው በላይ እንደገና ይነሳል። ያ መስመር የንድፍ አውጪው ፊርማ ነው፤ ሌሎቹ መኪኖቹም ላይ ይገኛል። የሸራ ጣሪያው በሦስት ዓይነት ይቀመጣል፤ ሙሉ ተዘግቶ፣ ግማሽ ተከፍቶ፣ ሙሉ ተከፍቶ። የፊት መብራቶቹ ዳሪን ካሰበው ከፍ ተደርገው ተሰቅለዋል፤ የመብራት ከፍታን የሚወስን ሕግ ስለነበረ። ዓይኑን ያፈጠጠ የሚመስለው ለዚህ ነው። ጉድለት ነው ካላችሁ ጉድለት ነው። ግን የሕግና የምኞት ግጭት ፊቱ ላይ ተጽፎ የሚነበብ መኪና ብዙ የለም።

ኮፈኑ ሲከፈት ግን ግጥሙ ያልቃል። ሞተሩ ካይዘር በ1953 ከገዛው ከዊሊስ ኩባንያ የመጣ ባለስድስት ሲሊንደር ሲሆን፣ ጉልበቱ 90 የፈረስ ጉልበት ነው። የዚያን ጊዜው ኮርቬት 150 ነበረው። ዋጋው ደግሞ 3,668 ዶላር፤ ጥቂት መቶ ዶላር ሲጨመርበት ካዲላክ ያስገዛ ነበር። በዚያ ላይ ሊዘጋ መከራ የሆነ ኩባንያ የሚያወጣውን መኪና ነገ መለዋወጫውን ከየት አገኛለሁ ብሎ የማይጠራጠር ገዢ የለም። ከነዚህም ውስጥ ያልተሸጡት ቶሊዶ፣ ኦሃዮ፣ ደጅ ላይ በረዶ እየወረደባቸው ቀሩ። ዳሪን ራሱ ሄዶ በርከት ያሉትን ገዛና ሎስ አንጀለስ ወስዶ፣ አንዳንዶቹ ላይ የካዲላክ ሞተር ገጥሞ ሸጣቸው። ካይዘር በ1955 አሜሪካ ውስጥ የቤት መኪና መሥራቱን ተወ፤ መሣሪያዎቹ ወደ አርጀንቲና ተሻገሩ፣ የተረፈው ጂፕ ነበር።

እዚህ ላይ ኮርቬትን ማንሳት ግድ ነው። ሰብሳቢዎች «ብርቅ» ሲሉ ምን ማለታቸው እንደሆነ የሚገለጠው በንጽጽሩ ነው። የ1953 ኮርቬት 300 ብቻ ነው የተሠራው፤ ሁሉም ነጭ፣ ውስጣቸው ቀይ። እሱም ፋይበርግላስ፣ እሱም ባለሁለት መቀመጫ፣ እሱም ባለስድስት ሲሊንደር። በ1954 ሼቭሮሌት ከ3,600 በላይ ሠራና ከነሱ ብዙዎቹ ዓመቱ ሲያልቅ ገዢ አላገኙም። በሚቀጥለው ዓመት 700 ብቻ ወጡ። ያኔ ፎርድ ተንደርበርድን አምጥቶ በአንድ ዓመት ውስጥ 16,155 ሠራ። በሌላ አነጋገር ኮርቬትም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ወድቆ ነበር። ልዩነቱ ኮርቬት ሀብታም አባት ነበረው። ጄኔራል ሞተርስ ኪሳራውን ችሎ፣ ከፎርድ ላለማነስ ብሎ፣ ቪ8 ሞተር ሰጥቶ አሳደገው። ዳሪን ግን አባቱ ሲሞት የሁለት ዓመት ሕፃን እንኳ አልሆነም።

ዛሬ በአብዛኛው የ1953 ኮርቬት ከዳሪን በላይ ያወጣል። የቁጥሩ ልዩነት ይህን አያስረዳም፤ 300 እና 435 ያን ያህል አይራራቁም። ናሽ ሂሊ የሚባለውም ከ1951 እስከ 1954 ከ500 ትንሽ ከፍ ባለ ቁጥር ነው የተሠራው፤ ስሙን የሚያውቀው ግን ስንቱ ነው? ገበያው ብርቅነትን እሸልማለሁ ይላል እንጂ የሚሸልመው ዘርን ነው። ልጅ ያለው፣ የልጅ ልጅ ያለው፣ ስሙ ዛሬም ማሳያ ክፍል ውስጥ የሚጠራ መኪና የመጀመሪያው አያት ሆኖ ይከበራል። ዘር የሌለው «የሚገርም ነገር» ተብሎ ጥግ ላይ ይቀመጣል። በእኔ ግምት ዳሪንን ለሐያሲ የተሻለ የሚያደርገው ይኸው ነው። የሚያሳብብበት ተተኪ የለውም። ወደፊት ምን እንደሚሆን እያሰብን ልንምረው አንችልም። ያለው እሱ ብቻ ነው፤ መስመሩ፣ አፉ፣ በሩ።

አሁን ወደ ባለቤቶቹ እንምጣ። ዳሪን መያዝ በአንድ በኩል ቀላል፣ በሌላ በኩል ጭንቅ ነው። ሞተሩ፣ ካምቢዮው፣ ፍሬኑ ከሌሎች የዊሊስና የካይዘር መኪኖች ጋር ስለሚዛመዱ ፈልጎ ማግኘት አይጠፋም። አካሉ ፋይበርግላስ ስለሆነ አይዝግም፤ ይሰነጠቃል እንጂ። ሻንሲው ግን ብረት ነው፣ ይዝጋል። ጭንቁ ያለው የዳሪን ብቻ የሆኑት ዕቃዎች ላይ ነው፤ የፊት መስታወቱ፣ የጣሪያው ማጠፊያ፣ የበሩ ሐዲድና መሽከርከሪያ። አንዷ ስትጠፋ ወይ ሌላ ባለቤት መለመን ነው፣ ወይ አስቀርጾ ማሠራት።

እና ማሠራት ከተጀመረ ማቆሚያ የለውም። ፋብሪካው ውስጥ የተሠራው ዳሪን ላዩ ወጣ ገባ ያለ፣ ክፍተቶቹ እኩል ያልሆኑ፣ በችኮላ የወጣ መኪና ነበር። ታድሶ ካሊፎርኒያ ውስጥ ፔብል ቢች ላይ ሣር ላይ የሚቆመው ግን ሌላ ነው። ስቱኮው ተሞርዶ ተሞርዶ ውሃ መስሏል። ቀለሙ ፊት ያሳያል። በሩ ደግሞ በጣት ሲነኩት ሹልክ ብሎ ይገባል። ማንም የ1954 ገዢ እንዲህ ያለ መኪና አይቶ አያውቅም። እኛ ግን ይሄን አይተን «ዋ! ሰዎቹ ምን ነክቷቸው ነው ያልገዙት?» እንላለን። ያልገዙት ይሄን አልነበረማ! የታደሰው መኪና የራሱን ታሪክ ይዋሻል፤ ውድቀቱን ደብቆ የገዢዎችን ጥፋት አስመስሎ ያቀርበዋል።

የዚህን ተቃራኒ የሚሉ ሰዎች ክርክራቸው ባዶ አይደለም። ደጅ ላይ የተጣለ፣ አይጥ ታፔሴሪያውን የበላው መኪና «እውነተኛ ነው» ተብሎ እንዲሞት ሊተው ነው? ብዙዎቹ ዳሪኖች ዛሬ ያሉት ሰው ገንዘቡንና ዓመታቱን ስላፈሰሰባቸው ነው። የድካማቸው ዋጋ ሲሸጥ እንኳ የማይመለስላቸው አሉ። ለነሱ ምስጋና ይገባል። ግን ማዳንና ማስዋብ አንድ አይደሉም። በቅርስ ጥበቃ ሙያ ይህ ልዩነት የታወቀ ነው፤ የፈረሰን ግድግዳ መደገፍና ያልነበረ ሥዕል መሳል ይለያያሉ። መኪና ዓለምም ቀስ እያለ እየገባው ነው። ፔብል ቢችን የመሰሉ ውድድሮች ያልታደሱ፣ ዕድሜያቸው ላያቸው ላይ ለሚነበብ መኪኖች የራሳቸው ምድብ ከፍተዋል። ችግሩ እዚያም ገበያው ተከትሎ ገባ፤ አሁን ደግሞ የተሰነጠቀ ቀለም ራሱ ዋጋ ማናሪያ ሆኗል።

ሁለተኛው ነገር መንዳት ነው። ብዙ ብርቅ መኪኖች በተዘጋ ተጎታች ተጭነው ይመጣሉ፣ ሣሩ ላይ ይገፋሉ፣ ተመልሰው ይጫናሉ። ኪሎ ሜትር ዋጋ ይቀንሳል ተብሎ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ አይደል? ሥዕል ግድግዳ ላይ ሆኖ ሥራውን ይሠራል። መኪና ግን ቆሞ የሚናገረው ግማሹን ነው። ዳሪን ሲነዳ 90 ፈረሱ ዳገት ላይ እንዴት እንደሚያለከልክ፣ ጣሪያው ግማሽ ሲከፈት ነፋሱ ከየት እንደሚገባ፣ አንድ ንድፍ አውጪ ለዓይን ያሰበውን ለጉልበት አለማሰቡ፣ ይሄ ሁሉ የሥራው አካል ነው። ይህን ያላየ ባለቤት የያዘው ሽፋኑን ነው፤ መጽሐፉን አልገለጠውም።

ስለዚህ ጥሩ ሰብሳቢ ማለት ለእኔ ብዙ የከፈለ ወይም ብዙ ሽልማት የወሰደ አይደለም። የያዘውን ነገር ከነድክመቱ የሚያውቅና ድክመቱን ለሚመጣው ትውልድ ሳይፍቅ የሚያስተላልፍ ነው። የፊት መብራቱ ለምን አፍጦ እንደቀረ የሚያስረዳ፣ 90 ፈረሱን የሚያነዳ፣ መዝገብ የሚይዝ፤ ይህ ዕቃ የቀድሞው ነው፣ ያኛው የተተካ ነው ብሎ የሚጽፍ። እንዲህ ሲሆን 435 የሚለው ቁጥር ጉራ መሆኑ ይቀርና ምስክርነት ይሆናል። አንድ ሰው ማንም ያልጠየቀውን ነገር በራሱ ኪስ ሠርቶ እንደነበር፣ ቆንጆ እንደነበር፣ እንዳልሠራም የሚናገር ምስክርነት።

ዳሪን በሩን በብልሃት አስቦ፣ በዐይን አስልቶ፣ በእጅ ግን አላስጨረሰውም። አንዳንድ ባለቤቶች ሐዲዱን በዘመናዊ መሽከርከሪያ ለውጠውታል፤ መብታቸው ነው። የድሮውን እንደያዙ፣ በየጊዜው እየጠረጉና እየቀቡ፣ መሀል ላይ ሲቆም በትዕግሥት ወደ ኋላ ሳብ አድርገው እንደገና የሚገፉም አሉ። መኪናውን በሚገባ ያነበቡት እነዚህኞቹ ይመስሉኛል።