የክረምት ጭቃና ብስክሌት

ሐምሌ ላይ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ ያለውን የእንጦጦ ዳገት ከጓደኞች ጋር በብስክሌት እንደ መውጣት ያለ ጨዋታ የለም። ቀዩ ጭቃ ጎማና ፍሬን መሃል ሲጠቀጠቅ፣ ወርዶ ብስክሌቱን ትከሻ ላይ አድርጎ መሮጥ ነው። ቤልጅጎች ይህንኑ ሳይክሎክሮስ ብለው፣ ዳኛ አቁመው ይወዳደሩበታል። እኛ ዘንድ ዳኛ የለም፤ የወደቀ ይሳቅበታል፣ ቀድሞ የደረሰ ደግሞ ሻይ ይጋብዛል (ፍትሕ ከተባለ!)። የእንጦጦ ጫፍ ከ3,000 ሜትር በላይ ነውና ትንፋሽ ያጥራል፤ የረጠበ የባሕር ዛፍ ቅጠል ከጭቃው የባሰ ያንሸራትታል። በ2013 የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ የብስክሌት መንገድ አለው፤ ጥሩ ነው፣ ለእኔ ግን ንጽሕናው በዛብኝ። ውድ ብስክሌት አያስፈልግም፤ ፍሬኑ የሚይዝ ይበቃል። ስትመለሱ ግን ጭቃው ሳይደርቅ ካቴናውን እጠቡና ዘይት ቀቡት።