የሰባት ቤት ስፌት

በአሶሳ ዙሪያ ካሉት የሠፈራ መንደሮች በአንዱ፣ አንድ ቤት ግድግዳ ላይ ማኅደር ተንጠልጥሏል። ውስጡ የብራና ዳዊት ነው። ቤተሰቡ በ1977ቱ ድርቅ ከወሎ ሲነሣ አብሮ መጣ። መንደሮቹ የሚጠሩት በቁጥር ነው፤ አምባ ይባልና ቁጥሩ ይከተላል። ዳዊቱ ውስጥ ግን የሰው ስም አለ።

ብራናው የፍየል ቆዳ ነው። ጠጕር የነበረበት ገጽ ጠቆር፣ ሥጋ የነበረበት ነጣ ይላል። ከጠርዙ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ወርደዋል። መስመሩ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ የተሰመረው ያለ ቀለም ነው፤ የወስፌ ጫፍ የተወው ስርጉድ ብቻ። ጽሑፉ ጥቁር ነው። ቀዩ ቀለም ለአምላክ፣ ለእመቤታችን፣ ለቅዱሳንና ለባለመጽሐፉ ስም ይወጣል።

«ለገብርከ» ከሚለው ቀጥሎ ቅጠሉን ወደ መስኮቱ ብርሃን ቢያነሡት ብራናው ሳስቷል። የቀድሞው ባለቤት ስም በስለት ተፍቋል። በላዩ «ወልደ ሚካኤል» ተጽፏል። አዲሱ ስም አጠር ስላለ ጸሐፊው ፊደሎቹን ፈታ ፈታ አድርጎ ቦታውን ሞልቶታል። በዚህች ሁለት ጣት በማትሞላ ስፍራ መጽሐፉ እጅ መለወጡ ተመዝግቧል።

ወልደ ሚካኤል ግን ማን ነው? የክርስትና ስም ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ሲጠመቁ ይወጣል። ለቁርባንና ለተዝካር እንጂ ለገበያ አይደለም። የቤቱ የልጅ ልጅ ይህን ታውቃለች። አያቷን የጠየቀቻቸው «ወልደ ሚካኤልን ታውቂዋለሽ?» ብላ አይደለም። «እማማ፣ የአባትሽ ተዝካር ሲወጣ ቄሱ ማን ብለው ጠሩት?» አለቻቸው። የክርስትናውና የዓለሙ ስም የተጋጠሙት በዚያች ጥያቄ ነው።

ልጅቱ የዘር ሐረጉን የምትቆጥርበት ደብተር አላት። ሥራዋ የሰፌድ አሰፋፍ ይመስላል፤ አዲሱ ዙር ቀድሞ የተሰፋውን ይነክሳል። ለምሳሌ አንድ መታወቂያ «ደሳለኝ ይመር አሊ» ይላል። የአባትየው የግብር ደረሰኝ «ይመር አሊ መኮንን» ይላል። ሁለት ስም በሁለት ስም ላይ ተደረበ፤ አንድ ስም ተጨመረ። ይመር የሚባል ብዙ ነው፤ ይመር አሊ ያንሳል። አንድ ስም ብቻ ሲገጥም ስፌቱ ይላላል፣ ሁለት ሲገጥም ይጠብቃል። የመጀመሪያው ወረቀት ሦስት ስም ይሰጣል፣ እያንዳንዱ ተከታይ አንድ። በአምስት ወረቀት ሰባት ቤት ይሞላል።

በአየርላንድ ነገሩ ሌላ ነው። የቤተሰብ ስም ሳይለወጥ ስለሚወርድ በአንድ ደብር ብዙ ሞክሼ አለ፤ ፈላጊው ስሙን ከመንደሩ ጋር አጥብቆ ይይዛል። አጠቃላዩ የመንግሥት የልደትና የሞት መዝገብ የተጀመረው በ1864 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት ላለው ዘመን የደብር የጥምቀት መዝገብ ይገለጣል። የእኛ ስም ግን በየትውልዱ አንድ እርምጃ ይራመዳል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የክብር መዝገብን በዝርዝር ቢደነግግም ክፍሉ ሳይሠራበት ቆየ። ምዝገባው በአገር ደረጃ የተጀመረው አዋጅ 760/2004 ከወጣ በኋላ፣ በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ነው። የልደት ምስክር ወረቀቱ በሦስት ስም ሰንሰለት ውስጥ የማትገባውን እናት ከነአባቷ ያሰፍራል። ሰባት ቤት በእናትም ስለሚቆጠር ይህ መስመር ትልቅ ነገር ነው።

ስም በአፍም ያልቃል። የአሶሳው ገዥ የሼህ ሖጀሌ አልሐሰን ቤት ያለበት የአዲስ አበባ ሰፈር ዛሬ ሸጎሌ ይባላል። ማዕረጉና ስሙ በምላስ ላይ ተፈጭተው አንድ ቃል ሆኑ። ልጅቱም አሊን በ«አ» እና በ«ዐ»፣ ኃይሉን በ«ሀ»፣ በ«ሐ» እና በ«ኀ» ትፈልጋለች።

ከየወረዳው የመጣ ሰው በአንድ አምባ ሲሠፍር ለጋብቻ ቤት መቁጠር ግድ ነው። ሽማግሌዎች ሲመጡ ደብተሩ ይወጣል። በወረቀት የተረጋገጠው ስም በእስክሪብቶ ተጽፏል፤ ከአያቷ አፍ ብቻ የተሰማው በእርሳስ። ስድስቱ በእስክሪብቶ ናቸው። ሰባተኛው በእርሳስ፣ ላላ ተደርጎ፣ ወረቀቱን ይጠብቃል።